ራሱን ብቻ?

ከጊታር ክፍሎች ሁሉ ለድምፁ እንደ ራሱ ትንሽ የሚያዋጣ የለም፤ እንደ ራሱ የሚታይም የለም። ክሩ ይርገበገባል፣ ገላው ያስተጋባል፣ አንገቱ ከጣት ጋር ሲታገል ይውላል። ራሱ ስድስት መቃኛ ደርድሮ ከላይ ሆኖ ይመለከታል። እንደ ብዙ አለቃ፣ ሥራው ታች ያልቅና ስሙ የሚጻፈው እሱ ላይ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ካሜራው ከሙሽሮቹ ወደ ባንዱ ሲዞር መጀመሪያ ብቅ የሚለው ጊታሪስቱ ሳይሆን የጊታሩ ራስ ነው። የድሮ የአዲስ አበባ ባንዶችን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ እያገላበጡ የሚያመሹ ወዳጆች አሉኝ። የሙዚቀኛውን ፊት ገና ሳይለዩ፣ «ይሄማ ፌንደር ነው፣ ራሱን አታየውም?» ብለው ይፈርዳሉ። ፎቶግራፍ ድምፅ የለውም፤ ራስ ግን አለው።

ይህን ሁሉ ማስረጃ ያሰባሰብኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የጊታሬን ራስ ፍቄ ቀለም ላስቀባ መነሣቴን የሰማ ሁሉ ማስረጃ ስለሚጠይቀኝ ነው። ባለቤቴ ሰማች፤ «ራሱን ብቻ?» አለች። ጎረቤታችን እማማ ሰሙ፤ «ራሱን ብቻ?» አሉ። ብርጭቆ ወረቀት የሸጠልኝ ልጅ ሳይቀር ከመደርደሪያው ዞር ብሎ ያንኑ ጠየቀኝ። ባለቤቴ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። የሳሎኑን ግድግዳ ከኮርኒስ እስከ ወለል በዓይኗ ቀስ ብላ ለካችውና፣ «ለመሆኑ ይሄ ቤት ቀለም ካየ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች። ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። አለው የሚል ወንድ ካለ ያላገባ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ራሱን ላሳያችሁ። ጊታሩ ከሰው እጅ የተገዛ፣ ቅርጹ የስትራቶካስተር፣ ትውልዱ ቻይና ነው። ገላው ደማቅ ቀይ ሆኖ ራሱ ግን የእንጨት መልኩን ይዞ የቀረ ነው። የሻንጣው ዚፕ ከላይ በኩል ስለማይዘጋ ራሱ በጋም ክረምትም ውጭ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ገላውን ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ራሱ የራሱን መንገድ ይፈልጋል፤ አንዴ ጣሪያ፣ አንዴ በር፣ አንዴ የፊተኛው ተሳፋሪ ጆሮ። ረዳቱ፣ «ፋዘር፣ እንጨቷን ሰብሰብ!» ይላል። እንዴት ተደርጎ እንደሚሰበሰብ ግን አይነግረኝም። ጫፉ ላይ ሽፋኑ ተገምጦ ነጩ እንጨት ወጥቷል። ከሦስተኛው መቃኛ አጠገብ ክብ ጥቁር ጠባሳ አለ፤ የቀድሞው ባለቤት ሲጫወት ሲጋራውን በክሩ ትርፍ ላይ ሰክቶ ይተወው ነበርና ዘፈኑ ሲረዝም ሲጋራው አልቆ እንጨቱን ማጨስ ጀምሯል። ከማርካው ስም ሁለት ፊደል ቀርቷል። በጀርባው ደግሞ የአርሰናል ተለጣፊ ነበረ፤ ተለጣፊው ሄዶ ሙጫው ቀርቶ፣ ሙጫው ላይ የስንት ዘመን አቧራ ሰፍሮበታል።

አንድ ጊታር ዐዋቂ ወዳጄ ይህን አይቶ ሊያስጥለኝ ሞከረ። «አብደሃል? ሰው እኮ ለዚህ ገንዘብ ይከፍላል!» አለ። ውሸቱን አይደለም። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ አዲስ ጊታር ሠርቶ፣ ሆን ብሎ ልጦ፣ ጭሮ፣ ብረቱን አዝጎ ከደህናው በላይ ይሸጣል። «ብላኪ» የምትባለው የጊታሪስቱ የኤሪክ ክላፕተን ጥቁር ስትራቶካስተር ራሷ ላይ እንዲሁ የሲጋራ ቃጠሎ ነበረባት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በክሪስቲስ ጨረታ 959,500 ዶላር አውጥታለች። የእኔ ጠባሳ በስፋቱም በጥቁረቱም የሚናቅ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ሲጋራውን ያጨሰው ሰውዬ ላይ ነው። ጭረቱንም ቢሆን፣ አሜሪካኖች በባለሙያ እጅ የሚያሠሩትን እኛ ከመገናኛ ፒያሳ በታክሲ ሒሳብ እናሠራዋለን።

በዚህ ላይ አቋሜ የጸና ነው። ባለቤቱ መድረክ ላይ ዓመታት ተጫውቶ ያቆሰለውን ጊታር ፍቆ የሚቀባ ሰው ቢኖር እኔም አብሬ እኮንነዋለሁ። የታክሲ በር የላጠው ግን መላጡ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም።

ቀጥሎ ሐሳብ ያቀረበው የሰፈራችን አናጺ ነበር። ራሱን ከግራ ከቀኝ አገላብጦ አየና፣ «ቀለሙንስ ተወው፣ ይቺ የተንጋደደች ነገር ምን ትሠራለች? በመጋዝ ላስተካክላት?» አለኝ። ያቺ የተንጋደደች ነገር ስንት ጠበቃ እንዳበላች ቢያውቅ መጋዙን ይደብቅ ነበር። ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረ፣ ጊታር መጫወት ዕድሜ ልኩን ያልተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተርን ሲያወጣ ክሩ ሳይጣመም ቀጥ ብሎ እንዲደርስ ስድስቱንም መቃኛ በአንድ ወገን ደረደራቸው፤ ራሱንም ከአንገቱ ጋር ከአንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ቆረጠው። ሌላው ጊታር ሠሪ ጊብሰን በበኩሉ ሌስ ፖል የሚባለውን ጊታሩን ራስ 17 ዲግሪ ወደ ኋላ አጋደለው፤ ሌስ ፖል በጀርባው ከወደቀ ቀድሞ የሚሰበረው እዚያው ማጋደያው ላይ ነው። ይህም ሆኖ ጊብሰን ለዚያ ራስ ቀናተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን፣ የጃፓኑን ኢባኔዝ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለውን ኩባንያ ፊላደልፊያ ላይ ከሰሰ። ክሱ ስለ ድምፅ አልነበረም። «የራሴን ቅርጽ ቀዳህብኝ» ነበር። ድንበር ገፋህ ተባብሎ መካሰስ የእኛ አገር አመል ብቻ አይደለም። ነገሩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች የዚያን ዘመን የጃፓን ቅጂዎች «የክስ ጊታር» እያሉ ዋጋ ጨምረው ይገዟቸዋል።

የፌንደር ደግሞ ይብሳል። ኩባንያው የጊታሮቹን የገላ ቅርጽ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ያቀረበውን ማመልከቻ የአሜሪካ የንግድ ምልክት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2009 ውድቅ አደረገበት። ያ ገላ አሜሪካ ውስጥ የማንም ሆኗል፣ ሁሉም ይሠራዋል ማለት ነው። ራሱ ግን እስከ ዛሬ የፌንደር ነው። እንግዲህ «ራሱን ብቻ?» ለምትሉኝ፣ ከጊታሩ ባለቤት የጸናለት እሱ ብቻ ነው ብዬ እመልሳለሁ። አናጺው ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ታዲያ ላስተካክላት ወይስ ይቅር?» አለ።

ወደ ሥራው እንግባ። ክሮቹ ይወጣሉ። አንገቱ ከገላው ጋር በአራት ብሎን የተያያዘ ስለሆነ በካቻቢቴ ይለቃል። መቃኛዎቹ ፊት ለፊት በአሥር ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ዳዶ፣ ከኋላ ደግሞ ወለል ላይ ከወደቀች የማትገኝ ትንሽዬ ብሎን አላቸው። እያንዳንዱን ከነብሎኑ እንቁላል ካርቶን ውስጥ በየተራው ማስቀመጥና ከላዩ ቁጥር መጻፍ ነው። መመሳሰላቸው አያታላችሁ፤ እያንዳንዱ የለመደው ቀዳዳ አለው። ነጯ የክር ማረፊያና የአንገቱ ጠርዝ በፕላስተር ይሸፈናሉ።

ከዚያ መፋቅ ይመጣል። የርካሽ ጊታር ሽፋን በአብዛኛው ፖሊስተር ነውና ቀለም ማስለቀቂያ ቢደፉበት አይደነግጥም፤ የሚያንበረክከው ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው። በ120 ቁጥር ይጀመራል። መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት ነጭ ነው፤ ያ የላይኛው ጥርት ያለው ሽፋን ነው። ለረጅም ጊዜ ምንም የተለወጠ አይመስልም፤ ራሱ ከማንጸባረቅ ይደበዝዛል እንጂ አይላጥም። ድንገት አንድ ቦታ ላይ ዱቄቱ ወደ ቢጫ ይዞራል፤ እንጨቱን ያረጀ ለማስመሰል የተረጨው ቀጭን ቀለም ነው። ከእሱ ሥር ሜፕል የሚባለው እንጨት ሐመር መልኩን ይዞ ይወጣል፤ ቀጫጭን መስመሮቹ ከአንገት ወደ ጫፍ ይፈስሳሉ። እጅም ከዚያ ወዲያ እነሱን ተከትሎ መሄድ አለበት፤ መስመሩን አቋርጦ የተፋቀ እንጨት ጭረቱን ቀለም ሲነካው ነው የሚያወጣው። ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ መያዝ ግድ ነው። በባዶ ጣት የፋቀ ሰው ጠርዙን ያዶለዱመዋል፤ ጠርዙ የዶለዶመ የፌንደር ራስ ደግሞ መንታ መንገድ ላይ ሐሳቡን የለወጠ ጊታር ይመስላል። ጣት የሚፈቀደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ራሱ ከክር ማረፊያው ሥር ቁልቁል በሚታጠፍባት ጎድጓዳ ላይ። የሲጋራው ጠባሳ በመጨረሻ ለቀቀ። ጥልቀቱ ከላይ ሲታይ የሚያስፈራውን ያህል አልነበረም። ከ120 ወደ 240፣ ከዚያ ወደ 400 ሲደረስ እንጨቱ በመዳፍ ሲዳሰስ ይለሰልሳል። ዱቄቱ ሳንባ ስለማይምር ከኮሮና ዘመን የተረፈ ማስክ ጥሩ ነው።

እማማ ከበረንዳቸው ሆነው ሲመለከቱኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እንዲህ የምታሽ ከሆነማ ድስቶቼን ላምጣልህ» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ድስቶቹ መጡ።

ቀለሙን የት እንደማስቀባ አስቀድሜ ወስኜ ነበር፤ መኪና ቀቢ ጋ። ይህ ጊታርን ማዋረድ የሚመስለው ሰው ቢኖር ፌንደር ራሱ ያደረገው ይህንኑ ነው። ለጊታሮቹ የሰጣቸው ዝነኛ ቀለሞች ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ለመኪና ፋብሪካዎች የሠራቸው ነበሩ። «ፊየስታ ሬድ» የሚባለው ቀይ የእ.ኤ.አ. 1956 ፎርድ ተንደርበርድ ቀለም ነው፤ «ሌክ ፕላሲድ ብሉ» የሚባለው ሰማያዊ ደግሞ የእ.ኤ.አ. 1958 ካዲላክ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃጓርና ጃዝማስተር በተባሉት ጊታሮቹ ላይ ራሱን ከገላው ጋር አንድ ቀለም መቀባት መጣ፤ ዓይኔን የወሰደውም ያ ነው። ቀይ ገላ፣ ቀይ ራስ።

አንገቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። መንገዴ ላይ ገንዘብ ላወጣ ወደ አንድ ሕንፃ ስገባ ፈታሹ ጋዜጣውን በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገና፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«የሙዚቃ መሣሪያ ነው።»

«የቱ ጋ ነው ሙዚቃው?»

እውነት አለው። ገላው ቤት ነው።

የጋራዡ ቀለም ቀቢ ሽማግሌ ቢጤ ናቸው፤ ቱታቸው ላይ የከተማው መኪና ሁሉ ቀለም አለ። አንገቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«የምኑ ነው ጌታው?»

«የጊታር።»

«ተገጭቶ ነው?»

«ታክሲ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ኢንሹራንሱ ይክፈልዎት እንጂ!» ብለው ብቻቸውን ሳቁ። ትንሽ ቆይተውም፣ «ራሱን ብቻ?» አሉ።

እኒህ ሰው ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። ለአንድ ቪትዝ በር የበጠበጡት ቀይ ተርፏቸው ነበርና ከገላው ፎቶ ጋር አስተያዩት፤ ልክ ባይሆንም የሚያጣላ አይደለም። አንደኛው ቅብ ሳይጠነክር ሁለተኛውን አላስከተሉም። «ወፍራም ቀለም ይወርዳል» አሉ፤ «ስስ ስስ አድርጎ መደራረብ ነው። መኪና ላይ አንድ ስንዝር ቢበላሽ ማንም አያይም፤ ይሄ ግን እሱ ራሱ ስንዝር ነው።» ከቀለሙ በላይ የሚረጨውን ጥርት ያለ ሽፋን በሃርድነር በጥብጠው፣ ማስካቸውን አጥብቀው፣ ከመርጨታቸው በፊት ከክፍሉ አስወጡኝ። ሃርድነር ያለበትን ቀለም እቤት ውስጥ ልርጭ የሚል አንባቢ ካለ እባክህን ተው፤ ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው።

ጊታር ዐዋቂው ወዳጄ በዚህም አልተደሰተም። «ናይትሮ መሆን ነበረበት፤ ናይትሮ እንጨቱን ያስተነፍሰዋል» ይላል። ሜፕሉ ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላ ምን ቀረኝ ብሎ እንደሚተነፍስ አልነገረኝም። ናይትሮ የሚሉት ናይትሮሴሉሎስ ላከር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የመኪና ቀለም ሆኖ ገነነ፣ ጊብሰን እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል። ውበቱ አይካድም። ስስ ነው፣ አዲሱ ቅብ የበፊቱን በጥቂቱ አቅልጦ አንድ ይሆናል፣ ሲያረጅም ቢጫ እያለ ያምርበታል። ግን አመለኛ ነው። ጠንክሮ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ አፍንጫ አስጠግታችሁ ቲነር ከሸተታችሁ ገና ነው ማለት ነው። አንዳንድ የጎማ ማቆሚያ ሲነካው ይቀልጣል። እርጥብ አየር ላይ ከተረጨ ደግሞ ነጭ ጭጋግ ይጋርደዋል፤ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ናይትሮ የሚረጭ ሰው ደመና ቀባ ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ሳልነግራቸው ያውቁታል። «ያንን ከፈለጉ መስከረም ይጥባ» ብለውኝ ነበር።

የናይትሮን ምሥጢር ፍርጥ ያደረገችው ግን ልጄ ናት። ከጋራዥ መልስ መቃኛ ስገጥም ጫፉ ላይ ስንጥር የምታህል ቀለም ተነሥታ ብታይ፣ ጓዳ ገብታ ቀይ ኪውቴክስ ይዛ መጣች። ጥፍር ቀለም ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ ከዚያው ከመኪናው ቀለም ቤተሰብ። በአሴቶን መልቀቁም አንድ ያደርጋቸዋል። ጊታር ሠሪዎችም ትንንሽ ቁስል በጥፍር ቀለም መድፈናቸው የታወቀ ነው። ልጄ ብሩሿን በጥንቃቄ አንዴ ነካ አደረገችና ቁስሉ ጠፋ። ባለቤቴ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ስታገኘው፣ «የእኔን ኪውቴክስ ለእንጨት!» አለች። አሁን ወዳጄ ሲመጣ ራሱ ላይ ናይትሮ አለ እለዋለሁ። የት እንደሆነ አይጠይቅም፤ ደስ ብሎት ይሄዳል። ግድግዳውም ከእንቁጣጣሽ በፊት ይቀባል ተብሎ ተፈርዶብኛል። ይግባኝ የለውም።

የቀረው ስሙ ነበር። ጋራዥ ከመሄዴ በፊት ተለጣፊ የሚያትም ልጅ ጋ ጎራ ብዬ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆነው በውኃ ነክረው የሚያስለቅቁት ስስ ወረቀት ነው፤ ከቀለሙ በላይ፣ ከጥርቱ ሽፋን በታች ይገባና ዳሩ በጣት አይዳሰስም። ልጁ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ «ምን ልበልልዎት? ፌንደር አለ፣ ጊብሰን አለ፣ ኢባኔዝም አለ» አለኝ። ምሳ የሚያዝ ሰው ሆንኩ። ለማንኛውም ዋጋው አንድ ነው። በዚያ ሒሳብ ከጓንጁ የመጣ እንጨት ካሊፎርኒያ ተወለደ ተብሎ ሊጻፍለት ነው።

አላስጻፍኩም። ራስን ማስዋብ አንድ ነገር ነው፤ ያልወለደን አባት ስም ግንባር ላይ መለጠፍ ሌላ ነው። የተለጠፈበትን ጊታር አምኖ የሚገዛ ሰው እስካለ ድረስም ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ማጭበርበር ይሆናል። ክራራችን ስንት ዘመን ስትደረደር ቀንበሯ ላይ የማንም ስም የለም፤ ማርካዋን የሚነግርላት ቃኚዋ ነው። የእኔም ጊታር ራሱ ቀይ ብቻ ሆኖ ቀረ። ባዶነቱ ግን ሰው ያስጨንቃል። መድረክ ሥር ቆሞ አንገቱን እያሰገገ ያነበበ ሰው ሁሉ ምንም ሲያጣ፣ «ማርካው ምንድን ነው?» ይላል።

«ቪትዝ» እላለሁ።

እናንተም ለማስቀባት ካሰባችሁ ይህን ብቻ ልብ በሉ፤ ቀለም ሲረጭ የመቃኛውን ቀዳዳ ዙሪያ ወደ ውስጥ ያጠበዋል። በክብ ሞረድ ወይም በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ሳታሰፉ መቃኛውን ገፍታችሁ አታስገቡ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።